የውሃ ዳር ጥያቄዎች፦ መንጠቆው ጋ የሚበጠሰው ክር

ለዚህ እትም የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ስለ ቋጠሮ ሆኑ። ስለ ዘንግ የጠየቀ የለም፤ ስለ ትልም የለም። እኔ ደግሞ እንጀራዬ ስፌት ነው። ስለ ክር ከጠየቃችሁኝ ማን ያስቆመኛል? የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ መልሼዋለሁ። ሌሎቻችሁም ብታነቡት ይጠቅማችኋል፤ ብዙውን ነገር እዚያ ላይ ስለጨረስኩት ደግሜ አልጽፈውም።

«ወፍራም ክር ብገዛስ?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ እንደምን ነዎት? የሀዋሳ ልጅ ነኝ። ከሥራ ስወጣ ሐይቁ ዳር ወርጄ አምባዛ እሞክራለሁ። ትንንሹ ችግር የለውም። ትልቁ ሲይዝልኝ ግን ክሩ ልክ መንጠቆው ጋ ይሄዳል። መጀመሪያ 0.30 ሚሊሜትር የሚወፍረውን ክር ነበር የምጠቀመው፤ ወደ 0.40 ቀየርኩ፤ ያው ነው። አሁን 0.50 ልገዛ ነው። ባለሱቁ «ክሩ ፎርጅድ ስለሆነ ነው» ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ «ማሰር ስለማትችል ነው» ይለኛል። የቱ ነው ልክ?

መልስ፦ ጓደኛህ። ባለሱቁም ግን ሙሉ በሙሉ አልዋሸህም፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ።

0.50ውን አትግዛ። ገንዘብህ ኪስህ ውስጥ ይቆይ። ጥሩ 0.30 ናይሎን እንደ ፋብሪካው ቢለያይም 6 ወይም 7 ኪሎ አካባቢ ይሸከማል። ዓሣው ውሃ ውስጥ እስካለ ድረስ ክብደቱን ውሃው ይሸከምለታል፤ ክርህ ላይ የሚያርፈው ጉልበቱ ብቻ ነው። በዚህ ክር ደህና የሚባል አምባዛ ይወጣል። 0.40ም 0.30ም እኩል እዚያው ቦታ ላይ የሚሄዱ ከሆነ ጥፋቱ ውፍረቱ ላይ አይደለም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ክሩ ከሄደ በኋላ የቀረውን ጫፍ አይተኸው ታውቃለህ? ብዙ ሰው ተናዶ ይቆርጠውና ይጥለዋል። አትጣለው፤ ምን እንደተፈጠረ የሚነግርህ እሱ ነው። ጫፉ ተጠቅልሎ፣ ጥምዝምዝ ብሎ ከቀረ ክሩ አልተበጠሰም። ቋጠሮው ተንሸራቶ ተፈትቷል። ጫፉ ቀጥ ብሎ ቁርጥ ያለ ከሆነና የጠፋው ልክ ቋጠሮው ያለበት ቦታ ከሆነ፣ ቋጠሮው ራሱ ክሩን በልቶታል። የመጨረሻዎቹ ጣት፣ ሁለት ጣት የሚሆኑት ሻክረውና ነጣ ብለው ካገኘሃቸው ደግሞ ድንጋይ ወይም የዓሣው አፍ ፍቆታል። አምባዛ ጥርሱ እንደ ውሻ አይደለም፤ ግን መንጋጋው ላይ ጥቃቅን ሸካራ ጥርሶች አሉት። ረጅም ትግል ካደረጋችሁ ክሩን ይሞርደዋል።

እንደምገምተው ያንተ ሁለተኛው ነው። አብዛኛው ሰው መንጠቆ የሚያስረው ጫማ ሲያስር በለመደው እጅ ነው። አንድ ጊዜ ይቋጥራል፤ በላዩ ላይ ሌላ ይደግማል፤ ካልተማመነ ሦስተኛ ይጨምራል። ለጥጥ ክር ይህ ይሠራል። ጥጥ ሸካራ ስለሆነ ራሱን ይይዛል። ናይሎን ግን ለስላሳና ጠንካራ ነው። በተራ ቋጠሮ ስትስበው በአንድ ነጥብ ላይ አጥፎ ራሱን ያንቃል፤ ጉልበቱ ሁሉ እዚያች ነጥብ ላይ ይወርዳል። 7 ኪሎ የሚችል ክር በእንዲህ ያለ ቋጠሮ ግማሹን ያህል ሊያጣ ይችላል። ሦስት ጊዜ መደራረቡ አይመልሰውም። የሚታነቀው የመጀመሪያው ነውና።

ጥሩ ቋጠሮ የሚያደርገው ጉልበቱን በብዙ ዙር ላይ ማካፈል ነው። ለናይሎንና ዐይን ላለው መንጠቆ እኔ የማስተምረው ክሊንች የሚባለውን፣ በተለይ የተሻሻለውን ነው። ክርና መንጠቆ ይዘህ እያነበብክ ሥራ።

የክሩን ጫፍ በመንጠቆው ዐይን አሳልፍና አንድ ስንዝር ያህል ትርፍ አውጣ። ይህን ትርፍ በዋናው ክር ላይ መልሰህ ጠምጥመው። ለ0.30 ክር 6 ዙር፣ ለ0.40 ደግሞ 5 ይበቃል። ዙሮቹ ጎን ለጎን ይሂዱ፤ አንዱ በሌላው ላይ አይውጣ። ጠምጥመህ ስትጨርስ ዐይኑ አጠገብ፣ ከመጀመሪያው ዙር በታች፣ ትንሽ ቀዳዳ ታያለህ። ጫፉን ወደ ኋላ መልሰህ በእሷ አሳልፍ። ይህን ስታደርግ ሌላ ትልቅ ቀለበት ይፈጠራል። ጫፉን በዚህኛውም አሳልፍ። አለቀ፤ የቀረው ማጥበቅ ነው።

ሰው ሁሉ የሚያበላሸው እዚህ ጋ ነው። ጨረስኩ ብሎ በደረቁ ጭርር አድርጎ ይስበዋል። ናይሎን በናይሎን ላይ ሲፋተግ ይሞቃል። ሙቀቱ ጣትህን የሚያቃጥል አይደለም፤ ቀጭን ክርን ለመጉዳት ግን በቂ ነው። ከጠበቀ በኋላ ከቋጠሮው በላይ ያለውን ክር በጥፍርህ ዳስሰው። ሻከር ሻከር የሚል፣ ጥምዝምዝ ያለ ቦታ ካገኘህ ተጎድቷል። ስለዚህ ከመሳብህ በፊት አርጥበው። ምራቅ ይበቃል፤ ሐይቁም አጠገብህ ነው። ከዚያ ጫፉን በጣትህ ያዝ፣ ዋናውን ክር ቀስ ብለህ፣ ሳታቋርጥ ሳብ። ዙሮቹ እየተጠጉ ወደ ዐይኑ ሲወርዱ ይታዩሃል። ተደርድረው ከተቀመጡ ጥሩ ነው። አንዱ ከተሳፈረ ወይም ቋጠሮው ጠማማ ከሆነ ቆርጠህ እንደገና ጀምር። አትለማመጠው። ክር ርካሽ ነው።

ጫፉን ስትቆርጥ 3 ሚሊሜትር ያህል ተውለት። ከሥሩ አትላጨው።

ለምን 0.50 አትግዛ እንዳልኩህ አሁን ይገባሃል። ወፍራም ናይሎን ግትር ነው። በእጅ ስትስበው ዙሮቹ እስከ መጨረሻው አይጠጉም፤ ያልተቀመጠ ቋጠሮ ደግሞ ዓሣው ሲስብ ይቀመጣል፣ ያኔም በድንገት ነው። እንደ አሁኑ የምታስር ከሆነ በ0.50 ከበፊቱ የባሰ ዓሣ ልታጣ ትችላለህ።

ወደ ባለሱቁ ልመለስ። ክር ያረጃል። ናይሎን ፀሐይ አይወድም። ሱቅ በረንዳ ላይ ተንጠልጥሎ ከወር እስከ ወር ፀሐይ ሲመታው የከረመ ጥቅል ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ አይሸከምም። ከውስጥ መደርደሪያ ያለውን አምጣልኝ በል። የገዛኸውንም ቤት ስትገባ መስኮት ላይ አታስቀምጠው። ናይሎን ውሃ ስለሚጠጣም ርጥብ ሲሆን ከደረቁ ትንሽ ይደክማል። ይህን የምነግርህ ቤት ውስጥ በደረቁ ፈትነኸው የቻለውን ሁሉ ውሃ ውስጥም ይችላል ብለህ እንዳታስብ ነው።

ስለ ፈተና ካነሳን፣ አዲስ ያሰርከውን ቋጠሮ ሳትፈትን አትወርውር። መንጠቆውን በፒንሳ ያዝ ወይም የማይንቀሳቀስ ነገር ላይ ስካው። ክሩን ባዶ እጅህ ላይ አትጠምጥም፤ ሥጋ ይቆርጣል። ጨርቅ ጠቅልልበትና ቀስ በቀስ ሳብ። ፊትህን ከመንጠቆው መስመር አርቅ። ቋጠሮው የሚለቅ ከሆነ እዚያው ይልቀቅ፤ እዚያ ቢለቅ የምታጣው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ድንጋይ ላይ ተይዞ ከተላቀቀ በኋላ፣ ወይም ትልቅ ዓሣ ካወጣህ በኋላ የመጨረሻውን ስንዝር ቆርጠህ እንደ አዲስ እሰር። ሰነፍ እጅ እዚህ ላይ ነው የሚታወቀው።

የቆረጥከውን ቁራጭ ሐይቁ ዳር አትጣል። አሞራ ገደል ዓሣ ገበያ ስትሄድ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች የዓሣ አንጀት ሲለቅሙ በእግራቸው ክር ሲጎትቱ አይተህ ይሆናል። ናይሎን አይበሰብስም። ኪስህ ውስጥ ከተተው።

«ክሩ ሳይበጠስ መንጠቆው ብቻውን ሄደ»

ጥያቄ፦ ሰላም እትዬ። ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ፖቶማክ ወንዝ ላይ ካትፊሽ፣ የአምባዛን ዘመድ፣ እንሞክራለን። ሰው መክሮኝ ብሬይድ የሚባለውን የተጎነጎነ ክር ገዛሁ። ሳስረው ክሊንች ነበር። ትልቅ ነገር ያዘ፤ ዘንጉ ጎበጠ፤ ከዚያ ላላ። ስስበው ክሩ ሙሉ ነው፤ መንጠቆው ግን የለም። ብሬይዱን ልጣለው?

መልስ፦ አትጣለው፤ ውድ ነው። ቋጠሮውን ቀይር።

ብሬይድ ናይሎን አይደለም። አብዛኛው ከፖሊኤቲሊን ቀጫጭን ክሮች የሚጎነጎን ነው። ለውፍረቱ ከናይሎን እጅግ ይጠነክራል፤ አይለጠጥም፤ ግን ሙልጭልጭ ነው። ክሊንች የሚይዘው ዙሮቹ ዋናውን ክር ስለሚጨብጡት ነው። ብሬይድን መጨበጥ አይችሉም። አንተ የደረሰብህ በትክክል ይኸው ነው። ጫፉ ተጠቅልሎ ካገኘኸው ምንም ጥርጥር የለውም።

ለብሬይድ ፓሎማርን እሰር። እኔ ከሁሉም ቋጠሮ እሱን እወደዋለሁ፤ ቀላልም ነው። ክሩን እጠፈውና ሁለት እጥፍ አድርገው፤ እጥፉ አንድ ስንዝር ይሁን። እጥፉን በመንጠቆው ዐይን አሳልፍ። አሁን በአንድ በኩል ቀለበት፣ በሌላው ሁለት ክር አለህ። ሁለቱን ክር ከቀለበቱ ጋር ተራ ቋጠሮ ቋጥረው፤ ግን አታጥብቀው፤ መንጠቆው መሃል ላይ ይንጠልጠል። ቀለበቱን አስፋውና መንጠቆውን በሙሉ በውስጡ አሳልፈው። አርጥብ። ዋናውን ክርና ጫፉን አንድ ላይ ይዘህ ቀስ ብለህ ሳብ። ቀለበቱ ከዐይኑ በላይ መቀመጥ አለበት። የመንጠቆው አንገት ላይ ተሰክቶ ከቀረ አልተጠናቀቀም። ሁለቱ ክሮች በዐይኑ ውስጥ ሲያልፉም ጎን ለጎን ይሁኑ፤ ከተጠላለፉ አንዱ ሌላውን ይቆርጠዋል።

ፓሎማርም ያው ተራ ቋጠሮ ነው እኮ፣ ለሀዋሳው ልጅ የከለከሉት፣ የምትለኝ ከሆነ ጥሩ አንባቢ ነህ። ልዩነቱ እዚህ ክሩ ድርብ መሆኑ ነው። ዐይኑንም የሚይዘው ሁለት ክር ነው፤ ጉልበቱ ይካፈላል።

ችግሩ አንድ ብቻ ነው። ለትልቅ መንጠቆ ትልቅ ቀለበት ይፈልጋል። ለካትፊሽ የሚሆነውን መንጠቆ ለማሳለፍ እጥፉን ረዘም አድርገው፤ መጨረሻ ላይ የሚባክን ክር ይኖራል፤ ይባክን። ማስመጫ እርሳስ ወይም ሌላ ነገር አስቀድመህ ካሰርክ ደግሞ ቀለበቱ በእሱም ማለፍ ይኖርበታል፤ ስለዚህ መንጠቆውን አስቀድም።

ብሬይድ በጥፍር መቁረጫ አይቆረጥም፤ ይተረተራል። ስለታም መቀስ ያዝ። ግን የሚስትህን የጨርቅ መቀስ እንዳትነካ። ይህን እንደ ልብስ ሰፊ በቁም ነገር ነው የምልህ።

ፖቶማክ ላይ የሚይዝህ ብሉ ካትፊሽ ከሆነ ቋጠሮህን የምር አድርገው። ይህ ዓሣ የሚሲሲፒ አካባቢ ተወላጅ ነው፤ ቨርጂኒያ ወንዞች ውስጥ የተለቀቀው በ1970ዎቹ ነው። አሁን ሌሎቹን እየበላ ተባይ ሆኗል። እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ በ2011 ከኬር ሐይቅ የወጣው 143 ፓውንድ፣ ማለትም 65 ኪሎ ያህል መዝኗል። 16 ዓመት የሞላው ሰው የማጥመጃ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ከባልደረቦችህ ውስጥ የሌለው ካለ ንገረው። ትልልቆቹን ከመብላታችሁ በፊት የጤና ቢሮውን ማሳሰቢያ ተመልከቱ። ፖቶማክ ላይ ፒሲቢ በሚባል ኬሚካል የተነሳ ስለ ካትፊሽ የወጣ ገደብ አለ፤ ዕድሜ የጠገበው ትልቁ ዓሣ ደግሞ የበለጠ ያጠራቅማል።

«ዐይን የሌለው መንጠቆ መጣብን»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ባቱ ነን። ወንድሞቼ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ረጅም ገመድ ዘርግተው አምባዛ ያጠምዳሉ። መንጠቆ የማስረው እኔ ነኝ፤ ማታ ማታ ቤት ቁጭ ብዬ። በዚህ ሰሞን የተገዛው መንጠቆ ቀዳዳ የለውም። ጫፉ ጠፍጠፍ ያለ ብቻ ነው። ወንድሜ «ተበላሽቶ ነው፣ መልሱት» ይላል። እኔ ግን ሳየው ሆን ተብሎ የተሠራ ይመስለኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ልክ ነሽ፤ ወንድምሽን ንገሪው። መንጠቆው ጤነኛ ነው። የዚህ ዓይነቱ በፋብሪካ ቀላልና ርካሽ ስለሆነ በብዛት ለሚያስሩ ሰዎች ይሸጣል። ዐይን የለውምና ክሩ የሚታሰረው መንጠቆው አንገት ላይ ተጠምጥሞ ነው። ጠፍጣፋው ራስ ሥራው ጥምጥሙ እንዳይወጣ መከልከል ነው። ሲታሰር ከምታስቢው በላይ ይጠነክራል። ክሩ ዐይን ላይ አይታጠፍም፤ መንጠቆውም ቀጥ ብሎ ይሳባል።

አያያዙ ይኸውልሽ። መንጠቆውን በጎባጣው በኩል በግራ እጅሽ ያዢ። ጠፍጣፋው ራስ ወደ ቀኝ፣ ሹሉ ወደ ላይ ይሁን። ክሩን ከቀኝ በኩል አምጪና በአንገቱ ላይ፣ ሹሉ ባለበት በላይኛው ጎን፣ አስተኚው። ጎባጣው ጋ ሲደርስ ወደ ቀኝ መልሺው። አሁን አንገቱ ላይ የተኛ ቀለበት አለሽ፤ የቀለበቱ አፍ ወደ ግራ ነው። የተመለሰውን ጫፍ ከጠፍጣፋው ራስ አጠገብ ጀምረሽ አንገቱንም ሁለቱን ክሮችም አንድ ላይ እያጠቃለልሽ ወደ ግራ ጠምጥሚ። 7 ወይም 8 ዙር። እያንዳንዱን ዙር በአውራ ጣትሽ ያዢው፤ ከለቀቅሽው ሁሉም ይፈታል። ስትጨርሺ ጫፉን በቀለበቱ አሳልፊ። አርጥቢ። አሁን ዋናውን ክር ወደ ቀኝ ሳቢ፤ ቀለበቱ እየጠበበ ጫፉን ይይዘዋል። ጥምጥሙን ወደ ጠፍጣፋው ራስ አስጠጊውና ሁለቱንም ወገን አጥብቀሽ ሳቢ።

አንድ ነገር ሳታይ ቆርጠሽ አትጨርሺ። ክሩ ከጥምጥሙ የሚወጣው ሹሉ ባለበት ጎን መሆን አለበት። ወደ ጀርባው ዞሮ ከወጣ የጠፍጣፋው ራስ ጠርዝ ክሩን ይቆርጠዋል፤ መንጠቆውም ጠምሞ ይሳባል። ርካሽ መንጠቆ ላይ ይህ ጠርዝ ስለታም ሆኖ ይመጣል። ጥፍርሽን አሳልፊበት፤ ከቧጠጠሽ በጥሩ ሞረድ ወይም በአሸዋ ወረቀት ትንሽ አለስልሺው። በመቶ መንጠቆ ላይ ይህን ማድረግ አሰልቺ ነው፤ አውቃለሁ። ወንድሞችሽ ይሞርዱ፣ አንቺ እሰሪ።

ብዙ ስለምታስሪ የቅርንጫፍ ክሮቹን አስቀድመሽ በእኩል ርዝመት ቁረጪያቸው። ሁለት ሚስማር እንጨት ላይ መትተሽ በመካከላቸው ለኪ። የታሰሩትን ካርቶን ጠርዝ ላይ ሰንጥቀሽ ደርድሪ እንጂ በጎድጓዳ ሳህን አትክተቺ። ሲጠላለፉ ለመፍታት የሚፈጀው ጊዜ ካሰርሽበት ይበልጣል።

«ዐይኔ ደክሟል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል»

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ሰላምሽ ይብዛ። እስራኤል፣ ናታንያ ነው የምኖረው። የልጅ ልጄ መኪና ሲኖረው ኪነሬት ሐይቅ ይዞኝ ይሄዳል። ዓሣ ማጥመዱን እወደዋለሁ፤ ክር ማስገባቱ ግን አቃተኝ። ልጁ ደግሞ ስልኩን ሲያይ ይውላል፤ እሱን መለመን ደከመኝ። ለኔ ቢጤ የሚሆን ቋጠሮ አለ?

መልስ፦ አባቴ፣ እንደምን ሰነበቱ? አለ። ከቋጠሮው በፊት ግን ስለ ቀዳዳው እንነጋገር፤ የሚያስቸግርዎ እሱ ስለሆነ።

የስፌት ዕቃ ሱቅ ይግቡና መርፌ ላይ ክር ማስገቢያዋን ይግዙ። ቀጭን የሽቦ ጫፍ ያላት ትንሽ ነገር ናት፤ ዋጋዋም ምንም አይደለም። ሽቦዋን በመንጠቆው ዐይን ያሳልፏታል፣ ክሩን በሽቦዋ ውስጥ ያደርጉታል፣ መልሰው ይስቧታል። እኔ ሱቄ ውስጥ ያለ እሷ አልሠራም። የክሩን ጫፍ አሰያፍ አድርገው ይቁረጡት፤ ደፍጣጣ ጫፍ ቀዳዳ አይገባም። መንጠቆውን ደግሞ በነጭ ወረቀት ፊት ይያዙት፤ በሰማይ ፊት አይደለም። ሰማይ ዐይን ያደክማል።

ቋጠሮውን በተመለከተ ዩኒ የሚባለው ለእርስዎ ይስማማል። ትልቅ ቀለበት ይዘው ስለሚሠሩ ጣት አይጨናነቅም። ጫፉን በዐይኑ ያሳልፉና ስንዝር ተኩል ያህል ያውጡ። ከዋናው ክር ጎን ያስተኙት። ጫፉን ወደ መንጠቆው አዙረው ሰፊ ቀለበት ይሥሩ። አሁን ጫፉን በቀለበቱ ውስጥ እያስገቡ ሁለቱን ክሮች አብረው ይጠምጥሙ፤ 5 ጊዜ ይበቃል። አርጥበው ጫፉን ይሳቡ፤ ቋጠሮው ይሰበሰባል። ከዚያ ዋናውን ክር ሲስቡ ቋጠሮው ተንሸራቶ ዐይኑ ላይ ያርፋል። እጅዎ ቢንቀጠቀጥም ቀለበቱ ሰፊ ስለሆነ አያመልጥዎትም።

ከሁሉ የሚሻለው ግን ቤት ማሰር ነው። ጠረጴዛ ላይ፣ በመብራት፣ ሻይዎን እየጠጡ። መንጠቆዎቹን በአጭር በአጭር ክር ላይ ያስሩ፤ የእያንዳንዱን ሌላ ጫፍ ቀለበት ያድርጉት። በዘንጉ ክር ጫፍ ላይ እንደ መርፌ ቁልፍ የምትከፈትና የምትዘጋ ማያያዣ ትኑር። ኪነሬት ሲደርሱ ቀለበቱን እዚያ ላይ መስካት ብቻ ነው የሚቀረው። መንጠቆ ለመቀየር የልጅ ልጅዎን መለመን አያስፈልግም።

አምባዛ እዚያም አለ፤ የኛው ዘር ነው። ቅርፊት የሌለው ዓሣ በእምነትዎ አይበላምና ከያዘልዎ ወደ ውሃው እንደሚመልሱት አውቃለሁ። መንጠቆውን ለመንቀል አይቸገሩ፤ ክሩን ከአፉ አጠገብ ቆርጠው ይልቀቁት። የያዘልዎ ሙሽት የሚባለው ዓሣ ከሆነ ግን የቆሮሶ ዘመድ ነው፤ ለእሱ ትንሽ መንጠቆና ቀጭን ክር ይያዙ። አፉ ጠባብ ነው።

«በላይተር ባስነካውስ?»

ጥያቄ፦ እትዬ፣ አርባ ምንጭ ነኝ። እዚህ ጫሞ ላይ የሚያጠምዱ ልጆች ከቋጠሩ በኋላ ጫፉን በላይተር ያስነኩታል። ቀልጦ ሲያብጥ አይንሸራተትም ይላሉ። እውነት ነው? ደግሞ ምንም ባስር የሚቆርጥብኝ ዓሣ አለ፤ ሳላየው ነው የሚሄደው።

መልስ፦ የቀለጠው ጉብታ መንሸራተትን ትንሽ ይከለክል ይሆናል። ግን በደንብ የታሰረ ቋጠሮ አይንሸራተትም፤ መጥፎ ቋጠሮ ደግሞ በጉብታ አይድንም። ነበልባል ቋጠሮውን ባይነካው እንኳ ሙቀቱ ይነካዋል። ነፋስ ባለበት ሐይቅ ዳር እሳቱን 3 ሚሊሜትር ላይ የሚያቆም እጅ ያለው ሰው አላየሁም። ብሬይድ ላይማ ጭራሽ አይሞከርም፤ በትንሽ ሙቀት ነው የሚቀልጠው። ላይተሩ ኪስ ውስጥ ይቆይ።

ሁለተኛው ጥያቄህ የተለየ ነው። የቀረውን ጫፍ ተመልከት። ከቋጠሮው ከፍ ብሎ፣ በምላጭ የተቆረጠ ከመሰለ ቋጠሮህን አትክሰስ። ጫሞ ውስጥ ታይገርፊሽ አለ፤ ጥርሱ እርስ በርሱ የሚገጣጠም ነው፤ ናይሎን ለእሱ ምንም አይደለም። ለዚያ ከመንጠቆው በላይ አንድ ስንዝር ቀጭን ሽቦ አድርግ። በሁለቱም ጫፍ ቀለበት ሆኖ የተዘጋጀ ይሸጣል። በአንደኛው ጫፍ መንጠቆውን፣ በሌላኛው ዋናውን ክር ታያይዛለህ፤ ክሩ የሚታሰረው በዚያው በክሊንች ነው።

ጫፉ የሻከረና የተፋቀ ከሆነ ግን ናይል ፐርች ሊሆን ይችላል። እሱ አይቆርጥም፤ ይሞርዳል። ለእሱ ሽቦ ሳይሆን ከዋናው ክር ወፈር ያለ አንድ ሜትር ናይሎን በቂ ነው፤ 0.60 ወይም 0.70። እንዲህ የወፈረ ክር ላይ ክሊንች በእጅ አይጠብቅም ብያለሁ። ዩኒ እሰር፤ ዙሮቹን ወደ 4 ቀንስ፤ መንጠቆውን በፒንሳ ይዘህ አጥብቅ። እና እባክህ ውሃው ውስጥ ገብተህ አትቁም፤ ቋጠሮ እያሰርክ ጎንበስ ስትል አዞው አንተን ነው የሚያይህ። ከዳር ራቅ ብለህ፣ ደረቅ መሬት ላይ ተቀምጠህ እሰር።